አንድ ያርድ ስንት ያወጣል? የአሜሪካ ፉትቦል ሕግ ለተመልካች

ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2024፣ ላስ ቬጋስ። 58ኛው ሱፐር ቦውል፣ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) የዋንጫ ፍጻሜ፣ በመደበኛው ሰዓት 19 ለ19 አለቀ። ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ የሳንቲሙን ዕጣ አሸነፈና ኳሷን እኔ ልጀምር አለ። 3 ነጥብ አገባ። ቀጥሎ ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ተራው ደረሰና ታችዳውን፣ ማለትም 6 ነጥብ፣ አስቆጠረ። 25 ለ22፤ ዋንጫውን በላ። ጉዱ የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንድ የፎርቲናይነርስ ተጫዋቾች የጭማሪ ሰዓቱ ሕግ መቀየሩን እንደማያውቁ ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ቺፍሶች ግን ከዝግጅት ወቅት ጀምረው ሲነጋገሩበት ከርመዋል።

እንግዲህ ደመወዙን በሚሊዮን የሚቆጥር ተጫዋች ካላወቀው፣ ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። በተለይ የእኛ ሰው። አሜሪካ የሚኖረው አባት ልጆቹ እሑድ ከሰዓት የከፈቱትን ጨዋታ እያየ «ምነው በየደቂቃው የሚያቆሙት?» ይላል። አዲስ አበባ ሆኖ ሱፐር ቦውልን በቀጥታ ለማየት የፈለገ ደግሞ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ መንቃት አለበት። እንቅልፉን ከሰጠ አይቀር፣ የሚያየውን ቢያውቅ አይከፋም።

የሊጉ የሕግ መጽሐፍ ወፍራም ነው። ተመልካች ግን ሁሉንም መሸምደድ አይጠበቅበትም። ነገሩ እንደ ድንበርተኛ ገበሬዎች ጠብ ነው፤ አንዱ ይገፋል፣ ሌላው አላስነካም ይላል። ነጥብ የሚመጣው ከግፊያው በኋላ ነው። ጥፋት ሲኖርም ቅጣቱ የሚከፈለው በመሬት ነው። ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ሊጉን ያናወጡት የሕግ ክርክሮች እንኳ ሲገለጡ የአንድ ያርድ ዋጋ ስንት ይሁን የሚሉ ናቸው።

ሜዳው ከግብ መስመር እስከ ግብ መስመር 100 ያርድ ነው፤ በሜትር 91 ከምናምን። ከሁለቱም ግብ መስመሮች ኋላ 10፣ 10 ያርድ ኤንድ ዞን አለ። ቁጥሮቹ ከሁለቱም ጫፍ ተነስተው መሀል ላይ 50 ይገናኛሉ። ስለዚህ «20 ላይ ናቸው» ሲባል የማን 20 ብሎ መጠየቅ ነው። በራስ 20 ላይ ከሆኑ ገና 80 ያርድ ይቀራል። በተጋጣሚ 20 ላይ ከሆኑ ደጃፍ ደርሰዋል።

ከየቡድኑ 11 ሰው ሜዳ ይገባል። ኳሷን የያዘው ቡድን 4 ዕድል አለው፤ ዳውን ይባላል። በ4ቱ ዕድል ቢያንስ 10 ያርድ መሄድ አለበት። ከሄደ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ካልሄደ ኳሷ ባለችበት ቦታ ለተጋጣሚ ትሰጣለች።

አንድ ቡድን በራሱ 25 ላይ ጀመረ እንበል። ስክሪኑ ጥግ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ፤ 1 እና 10። የመጀመሪያው ስንተኛ ዕድል እንደሆነ፣ ሁለተኛው ስንት ያርድ እንደሚቀር ይናገራል። ሯጩ ኳሷን አቅፎ 3 ያርድ ሄደና ተጣለ። 2 እና 7። ኳርተርባኩ፣ ማጥቃቱን የሚመራው ወርዋሪ፣ ወረወረ፣ ተቀባዩ ሳይዛት መሬት ነካች። ኳሷ ወደ ተነሳችበት ትመለሳለች፤ 3 እና 7። ስታዲየሙ የሚናወጠው እዚህ ላይ ነው። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የባለሜዳው ደጋፊ የሚጮኸው ቡድኑ ሲከላከል ነው፣ የተጋጣሚ ኳርተርባክ ትእዛዝ ለጓደኞቹ እንዳይሰማ። የራሱ ቡድን ሲያጠቃ ጸጥ ይላል። በእኛ ስታዲየም ያደገ ሰው መጀመሪያ ሲያየው ደጋፊው የተገላቢጦሽ የሆነበት ይመስለዋል።

በቴሌቪዥን የምታዩት ቢጫ መስመር ቡድኑ መድረስ ያለበትን ቦታ ያሳያል። ሜዳው ላይ የለም፤ ከ1998 ጀምሮ በኮምፒውተር የሚሳል ነው። ስታዲየም የገባ ሰው የሚያየው በሜዳው ዳር የቆሙትን ብርቱካናማ ምልክት የያዙ ሰዎች ነው።

አራተኛው ዕድል ላይ አሰልጣኙ ሦስት ምርጫ አለው። አንደኛው ፓንት ነው፤ ኳሷን በእግር አርቆ መትቶ ለተጋጣሚ ማስረከብ። መሬት ይገዛበታል፤ ተጋጣሚው ከሩቅ እንዲጀምር። ሁለተኛው በሁለቱ ቋሚዎች መሀል መትቶ 3 ነጥብ መሞከር ነው፤ ፊልድ ጎል። ርቀቱን ለማወቅ ኳሷ ያለችበት መስመር ላይ 17 ደምሩ፤ 10ሩ የኤንድ ዞኑ ነው፣ 7ቱ ኳሷ ወደ ኋላ ተወርውራ የምትተከልበት። በተጋጣሚ 30 ላይ ከሆኑ ምቱ 47 ያርድ ነው ማለት ነው። ለዛሬ መቺዎች ይህ ቀላል ሆኗል። የጃክሰንቪሉ ካም ሊትል በ2025 ከ68 ያርድ አስገብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰብሯል።

ሦስተኛው ምርጫ ደፍሮ መሄድ ነው። ጃንዋሪ 28 ቀን 2024 የዲትሮይት ላየንስ አሰልጣኝ ዳን ካምቤል በመጀመሪያው አጋማሽ 24 ለ7 ይመራ ነበር። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሁለት ጊዜ 3 ነጥብ መሞከር እየቻለ፣ በአራተኛው ዕድል ልሂድ አለ። ሁለቱም ከሸፉ። 34 ለ31 ተሸነፈ። በ3 ነጥብ! ሰውየው እስካሁን ይወቀስበታል። እኔ ግን ወቀሳው ትንሽ የበዛ ይመስለኛል፤ ቡድኑን እዚያ ያደረሰው ያው ድፍረት ነው።

ነጥቡን በአጭሩ እንለፈው። ኳሷን ይዞ ኤንድ ዞን መግባት ታችዳውን ነው፤ 6 ነጥብ። ኳሷ የግብ መስመሩን በአየርም ብትነካው በቂ ነው፣ መሬት ማስነካት አያስፈልግም። ከዚያ ቡድኑ በምት 1 ነጥብ፣ ወይም ከ2 ያርድ ላይ እንደገና ሮጦ ወይም ወርውሮ 2 ነጥብ መጨመር ይችላል። ስለዚህ የ8 ነጥብ ልዩነት አንድ ማጥቃት የሚያካክሰው ነው፤ 9 ሲሆን ግን ሁለት ይፈልጋል። ኳስ የያዘ ሰው በራሱ ኤንድ ዞን ውስጥ ከተጣለ ደግሞ ተጋጣሚው 2 ነጥብ ያገኛል፤ በዚያ ላይ ኳሷም ለእሱ ትሆናለች።

ወደ ፊት መወርወር የሚቻለው በአንድ እንቅስቃሴ አንዴ ብቻ ነው፣ ያውም ኳሷ ከተነሳችበት መስመር ሳያልፉ። ወደ ጎን እና ወደ ኋላ ግን የፈለጉትን ያህል። መቀበልም ለሁሉም አልተፈቀደም፤ ከፊት የሚሰለፉት አምስቱ ግዙፎች ሥራቸው ኳርተርባኩን መከለል ነው። ተቀባዩ ሁለቱም እግሩ ሜዳ ውስጥ መሬት መንካት አለበት። በኮሌጅ ፉትቦል አንድ እግር ይበቃል፤ ቅዳሜ የኮሌጅ ጨዋታ አይቶ እሑድ ፕሮፌሽናሉን የሚያይ ሰው የሚምታታው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ቢጫው ጨርቅ እንምጣ። 7 ዳኞች አሉ፤ ዋናው ነጭ ኮፍያ ያደረገው ነው። ጥፋት ያየ ዳኛ ቢጫ ጨርቅ ይወረውራል፣ ጨዋታው ግን ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ለዚህ ነው ታችዳውን ገብቶ ሰው ሁሉ ሲጨፍር «ቆይ፣ ፍላግ አለ» የሚባለው። የተበደለው ቡድን ቅጣቱ ካልጠቀመው አልፈልግም ብሎ ውጤቱን መውሰድ ይችላል። ይህ ሕግ በጣም ደስ ይለኛል፤ ተበዳዩ የሚበጀውን ይመርጣል።

ታሪፉ ይለያያል። ኳሷ ሳትነሳ የተንቀሳቀሰ አጥቂ 5 ያርድ። ተከላካይን በእጁ ጨምድዶ የያዘ አጥቂ 10። የራስ ቁሩን የፊት መከላከያ ይዞ የጎተተ፣ ወይም ኳሷን ከወረወረ በኋላ ኳርተርባክን የደቆሰ 15። ከሁሉም የከበደው ግን ቁጥር የሌለው ነው። ኳስ አየር ላይ እያለች ተቀባዩን ያደናቀፈ ወይም የያዘ ተከላካይ፣ ኳሷ ጥፋቱ ወደተሠራበት ቦታ ትሄድበታለች። 40 ያርድ ርቆ ከሆነ 40 ያርድ ነው። አንድ ፉጨት ጨዋታ ይገለብጣል።

አለመንፋትም እንዲሁ። ጃንዋሪ 20 ቀን 2019 ኒው ኦርሊንስ ላይ፣ ሴንትስ እና ራምስ ለሱፐር ቦውል ለማለፍ ሲጫወቱ፣ የራምስ ተከላካይ ኳሷ ሳትደርስ ተቀባዩን ገጭቶ ጣለው። ሰው ሁሉ አየ። ጨርቅ አልወጣም። ራምስ በጭማሪ ሰዓት 26 ለ23 አሸንፎ አለፈ። ሊጉ በዚያው ዓመት ይህ ዓይነት ውሳኔ በቪዲዮ እንዲታይ ፈቀደ፣ ነገሩ ስላልያዘለት ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ ሰረዘው። ችግሩ ግልጽ ነው። ቪዲዮ ኳስ መስመር ማለፍ አለማለፏን በደንብ ያሳያል፤ መነካካቱ በዛ ወይስ አልበዛም የሚለውን ግን ያው ሰው ነው የሚፈርደው።

አሁን ወደ አዲሶቹ ለውጦች። ትልቁ ኪክኦፍ፣ ማለትም ጨዋታ የሚያስጀምረው የእግር ምት፣ ላይ የመጣው ነው። ድሮ መቺው ሲመታ ጓደኞቹ ግማሽ ሜዳ በሙሉ ፍጥነት ሮጠው ከተቀባዩ ቡድን ጋር ይላተሙ ነበር። የጭንቅላት ጉዳት የሚበዛበት ሰዓት ይህ ነበር። ሊጉ ጉዳቱን ለመቀነስ ሲል ኳሷን ሳይመልሱ (ይዘው ወደ ፊት ሳይሮጡ) መተው ቀላል እንዲሆን ሕጉን ደጋግሞ ነካካው። በ2023 ከተመቱት ውስጥ ተይዘው የተመለሱት 22 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በ58ኛው ሱፐር ቦውልማ አንድም አልተመለሰም። ሰው ያንን ሰዓት ቡና ሊያፈላ ይነሳበት ጀመር።

በ2024 ኤክስኤፍኤል ከተባለ ሌላ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ የተወሰደ አሰላለፍ መጣ። መቺው ብቻውን በራሱ 35 ይቀራል። ሌሎቹ አሥሩ አልፈው በተጋጣሚ 40 ላይ ይሰለፋሉ። ከፊታቸው 5 ያርድ ርቀት ላይ አብዛኞቹ ተቀባዮች ይቆማሉ። ኳሷ መሬት እስክትነካ ወይም የሚመልሳት ሰው እስኪይዛት ድረስ ማንም አይንቀሳቀስም። ሩጫው ስላጠረ ግጭቱም ለዘበ። ከግብ መስመር እስከ 20 ባለው ቦታ የወደቀች ኳስ የግድ ትመለሳለች።

የሚገርመው የመጀመሪያው ዓመት ነው። ኳሷ በቀጥታ ኤንድ ዞን ከገባች ተቀባዩ ከራሱ 30 ይጀምር ነበር። ቡድኖች ሒሳቡን ሠሩና «30 ይሁን፣ ግድ የለም» ብለው ኤንድ ዞን ውስጥ መምታታቸውን ቀጠሉ። የተመለሱት ኳሶች ከሦስት አንድ ገደማ ብቻ ሆኑ። ሊጉ በ2025 ቅጣቱን ወደ 35 አሳደገ። 5 ያርድ ብቻ! ግን አስቡት፤ ከራስ 35 የጀመረ ቡድን 25 ያርድ ከሄደ በተጋጣሚ 40 ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ 57 ያርድ መምታት ይችላል። ማለትም ሁለት ጥሩ ውርወራ 3 ነጥብ ያስሞክራል። አሰልጣኞች ይህን ሲያዩ ኤንድ ዞን ውስጥ መምታቱን ተዉት። ኪክኦፍ ነፍስ ዘራ፣ የሚመለሰው ከማይመለሰው በለጠ። ሕግ አውጪ ሰውን ሳያስገድድ ዋጋ በመቀየር ብቻ እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ ለማየት ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ሌላው ክርክር ታሽ ፑሽ ነው። የፊላደልፊያ ኢግልስ ፈጠራ ባይባልም፣ እንደ እነሱ የተካነበት የለም። አንድ ያርድ ሲቀር ኳርተርባኩ ጄለን ኸርትስ ኳሷን አቅፎ ከፊቱ ባሉት ግዙፎች ኋላ ይለጠፋል፤ ሁለት ሰዎች ደግሞ ከኋላው መቀመጫውን ይገፉታል። ክምር ሰው ይነቃነቃል፣ ያርዷ ትገኛለች። ሯጭን መጎተት ክልክል ነው፣ መግፋት ግን ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ተፈቅዷል። ግሪን ቤይ ፓከርስ ይከልከልልን ብሎ አመለከተ። በሜይ 2025 የ32ቱ ቡድኖች ባለቤቶች ድምፅ ሰጡ፤ 22 ይከልከል፣ 10 ይቆይ። ለማጽደቅ 24 ያስፈልግ ነበር። በሁለት ድምፅ ተረፈ።

ተቃዋሚዎቹ ሰው ይጎዳል አሉ፤ ይህን የሚያሳይ በቂ የጉዳት ማስረጃ ግን አላቀረቡም። እኔን የሚያሳምነኝ ሌላው ቅሬታ ነው። ያ ሁሉ ሥጋ ተቆላልፎ ሳለ ማን ቀድሞ እንደተንቀሳቀሰ ዳኛ ማየት አይችልም። ሊፈረድበት የማይችል ሕግ ደግሞ ለክርክር በር ይከፍታል። በተረፈ ግን «እናንተ ስለቻላችሁበት እንከልክለው» ማለት ቅናት ነው የሚመስለው።

ልኬቱም ተቀይሯል። ጃንዋሪ 2025 ላይ የቡፋሎ ቢልስ ኳርተርባክ ጆሽ አለን ከካንሳስ ሲቲ ጋር በአራተኛ ዕድል አንድ ያርድ ሲቀረው ሰው ክምር ውስጥ ገባ። ሁለት የመስመር ዳኞች ከሁለት አቅጣጫ ሮጠው መጡ፤ ኳሷ የቆመችበትን ቦታ ለየቅል አዩት። አልደረሰም ተባለ። ቡፋሎ 32 ለ29 ተሸነፈ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ሊጉ ሰንሰለት ጎትቶ መለካቱን ትቶ ሆክ አይ በተባለው የካሜራ ሥርዓት መለካት ጀመረ። ሰንሰለቱ ለክፉ ቀን ዳር ላይ ቆሟል። ብዙ ሰው «አሁንማ ስሕተት ቀረ» ብሎ ነበር። አልቀረም። ካሜራው የሚለካው ኳሷ ከተቀመጠችበት እስከ መስመሩ ያለውን ነው፤ ኳሷን የት እንደምትቀመጥ የሚወስነው ግን ያው ሮጦ የሚመጣው ዳኛ ነው። የአለን ጉዳይ ዛሬም ቢደገም ያከራክራል።

የጭማሪ ሰዓቱ ለውጥ መነሻም ቡፋሎ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ዕድል የላቸውም። በጃንዋሪ 2022 ከካንሳስ ሲቲ ጋር 36 ለ36 ወጡ። ካንሳስ ሲቲ ዕጣ ደረሰው፣ ኳሷን ይዞ ታችዳውን አገባ፣ አለቀ። አለን ያን ምሽት በጭማሪ ሰዓት ኳስ አልነካም። በዚያው ዓመት በጥሎ ማለፍ ሁለቱም ቡድኖች ኳሷን እንዲያገኙ ተደነገገ። ከ2025 ጀምሮ መደበኛው ውድድርም ላይ ይሠራል፤ በ10 ደቂቃ ገደብ። በሴፕቴምበር 2025 ግሪን ቤይ እና ዳላስ በዚህ ሕግ እያንዳንዳቸው 3 ነጥብ ጨምረው 40 ለ40 ተለያዩ። በጥሎ ማለፍ ግን አሸናፊ እስኪገኝ ይቀጥላል።

ታዲያ ፎርቲናይነርስ ቀድሞ መውሰዱ ስሕተት ነበር? ሁለተኛ የሚጫወት ቡድን ስንት ነጥብ እንደሚያስፈልገው አውቆ ነው የሚገባው። 3 ነጥብ ከተመራ አራተኛው ዕድል ላይ ከርቀት ፓንት ብሎ ነገር የለም፤ ስለዚህ ሌላው በ3 ዕድል የሚሄደውን እሱ በ4 ይሄዳል። የፎርቲናይነርስ አሰልጣኝ ካይል ሻናሃን መልሱ «ሁለታችንም እኩል ካስቆጠርን ሦስተኛው ኳስ የእኛ ይሆናል» የሚል ነበር። አባባሉ ሞኝነት የለበትም። ግን ሦስተኛው ኳስ ሊደርስም ላይደርስም ይችላል፤ አራተኛው ዕድል ግን በእጅ ያለ ነገር ነው። እኔ ብሆን ሁለተኛ እሆን ነበር።

የቀረው ሰዓት ነው። ጨዋታው 4 ጊዜ 15 ደቂቃ ነው፣ በቴሌቪዥን ግን ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሯጭ ሜዳ ውስጥ ከተጣለ ሰዓቱ ይቆጥራል። ውርወራ ካልተያዘ ይቆማል። ሯጩ ከሜዳ ሲወጣም መጨረሻ አካባቢ ይቆማል፤ በመጀመሪያው አጋማሽ የመጨረሻ 2 ደቂቃ፣ በሁለተኛው የመጨረሻ 5 ደቂቃ። ስለዚህ የሚመራ ቡድን ይሮጣል፣ የሚመራበት ይወረውራል። እያንዳንዱ ቡድን በየአጋማሹ 3 የሰዓት ማቆሚያ አለው። ሰዓቱ ዜሮ ቢደርስም የተጀመረ እንቅስቃሴ ሳያልቅ ፊሽካ የለም። ኦክቶበር 27 ቀን 2024 ላንዶቨር፣ ሜሪላንድ ላይ ዋሽንግተን ኮማንደርስ በሺካጎ ቤርስ 15 ለ12 እየተመራ ሳለ የመጨረሻዋን ኳስ ኳርተርባኩ ጄይደን ዳንኤልስ ወረወረ። ሰዓቱ ዜሮ ሲሆን ኳሷ አየር ላይ ነበረች። ከተሰበሰቡት እጆች ነጥራ ከኋላ ብቻውን ለቆመው ኖዋ ብራውን ደረሰች። 18 ለ15። ከሺካጎ ተከላካዮች አንዱ እንቅስቃሴው ሲጀመር ዞሮ ደጋፊውን ሲያበሽቅ ነበር።

ሆኖም ቀድሞ የሚያልቅ ጨዋታም አለ። 2 ደቂቃ ቀርቶ የሚመራው ቡድን በመጀመሪያ ዕድሉ ላይ ኳሷን ይዟል፣ ተጋጣሚው ደግሞ የሰዓት ማቆሚያውን ጨርሷል እንበል። ኳርተርባኩ ኳሷን ተቀብሎ ተንበረከከ። ለቀጣዩ እንቅስቃሴ 40 ሴኮንድ አለው፣ ሰዓቱም ይቆጥራል። ሦስት ጊዜ ይህን ካደረገ 120 ሴኮንድ አለፈ፤ 2 ደቂቃው ሄደ። አራተኛው ዕድል ላይም ሳይደርስ ነው። ተጋጣሚው ሦስቱንም ማቆሚያ ይዞ ቢሆን ግን ከእያንዳንዱ መንበርከክ በኋላ ሰዓቱን ያስቆማል፣ ኳሷም ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ እየቀረ በእጁ ትገባለች። እና ወደ መጨረሻው ላይ ከውጤቱ ጎን ያሉትን ትናንሽ የማቆሚያ ምልክቶች እዩ። ካለቁ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ይቻላል።